ግማሽ ሥራ የማይወዱት ሽማግሌ

በገዛ አንገቴ ጉዳይ ድምፅ ያልነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አዳማ፣ ሆስፒታል ተኝቻለሁ፤ ሚስቴ አጠገቤ ናት። የታይሮይድ ዕጢዬ ላይ ካንሰር ስለተገኘ፣ ግማሹ ይውጣ ወይስ ሙሉው የሚለውን ሐኪሙ ሊነግረን ገባ። አንድ ሽማግሌ ፓፓያ ይዘው ተከትለውት ገቡና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተደላደሉ። ሁሩታ የሚኖሩት፣ አይቻቸው የማላውቃቸው የሚስቴ አጎት መሰሉኝ። ትልቅ ሰው «ማን ነዎት?» አይባልም መቼም።

«እባጩ ትንሽ ነው» አለ ሐኪሙ። «ወደ ሌሎቹ የአንገቱ ዕጢዎች አልተሰራጨም፤ ሌላኛው ጎንም ንጹህ ነው። ግማሹን ማውጣት ይበቃል።»

«ለምን ግማሽ? እኔ ግማሽ ሥራ አልወድም!» አሉ ሽማግሌው፣ የቀዶ ጥገናው ሊቅ።

«አባቴ፣ ሙሉው ከወጣ ዕድሜ ልኩን ኪኒን ሊውጥ ነው።»

«ይዋጣ! ኪኒን ምን አለው?» የሚውጡት እሳቸው ይመስል።

ሐኪሙ ለምኖ ለምኖ፣ በታላቅ ቸርነት ግማሹን ፈቀዱለት። ከዚያ መርቀውኝ፣ ፓፓያቸውን አንስተው ወጡ።

«አጎትህ ግን ትንሽ አያፍሩም?» አለች ሚስቴ።

«የኔ? ያንቺ አይደሉም እንዴ?»

እንደተፋጠጥን፣ ከሚቀጥለው ክፍል ድምፃቸው ተሰማ፤

«አንድ ኩላሊት ብቻ? እኔ ግማሽ ሥራ አልወድም!»