የድንኬ ውሃና የጓድ ማሞ ብርጭቆ

አብዱልሐሚድ ጣቱን ይልስ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰውየውን ላሳንስ ብዬ አይደለም፤ በዚያ ማኅበር ውስጥ እንደ እሱ ያለ ሰው አላየሁም። ግን ከትራክተር ሆድ የወጣ ውሃ ውስጥ ጣቱን ነክሮ አፉ ሲከት ባየሁ ቁጥር ቁርሴ ወደ ላይ ይለኝ ነበር፤ ዛሬም ሳስታውሰው ያቅለሸልሸኛል። ጠዋት ለሰላምታ እጁን ሲዘረጋልኝ የእጄን አንጓ ነበር የምሰጠው። እሱም ገብቶታል፣ አይቀየምም።

«ሃረግ፣ ዛሬም ተጸየፍሽኝ?» ይልና ይስቃል።

እኔ ሃረገወይን በደርግ ጊዜ ከቦሌ አየር ማረፊያ ጀርባ፣ ወደ ገርጂ በሚወስደው ሜዳ ላይ፣ ጎመንና ቀይ ሥር በሚያመርት ማኅበር ውስጥ አራሚ ነበርኩ። አውሮፕላን ከራሳችን በላይ እያጓራ ያልፋል፣ እኛ ጎንበስ ብለን እናርማለን። አብዱልሐሚድ የማኅበሩ ትራክተር ነጂም መካኒክም ነበር። በልጅነቱ ከወሎ መጥቶ ጋራዥ ውስጥ ያደገ፣ ሚስቱ ሰኪና በወሊድ የሞተችበት፣ መኪያ የምትባል አንድ ልጁን ብቻውን የሚያሳድግ ሰው ነው። ጸጉሯን ሳይቀር ራሱ ይጎነጉንላት ነበር። ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ እጁ ግራሶ ስለማያጣው ልጅቷ ናፍጣ ናፍጣ ትሸታለች። ብዙ ጊዜ ጠርቼ አጥቤያታለሁ።

ትራክተሯ ከአንድ ወዳጅ አገር በስጦታ የመጣች ትንሽዬ ነገር ነበረች፤ ድንኬ እንላታለን። በጎመኑ መደብ መሀል ተሹለክልካ ታርሳለች፣ ቅዳሜ ደግሞ ተጎታቿን አስከትላ ምርታችንን ሾላ ገበያ ታደርሳለች። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ደርሶ ሽር ጉድ በሚባልበት ሰሞን፣ ድንኬ ከሥሯ ታንጠባጥብ ጀመር። ራዲያተሯ ተቀዶ ኖሯል። አብዱልሐሚድ አውጥቶ ሊያስበይደው ፈለገ፤ ለዚህ ግን መጀመሪያ በውስጡ ያለውን ኩላንት ማፍሰስ ነበረበት። ኩላንት ሞተር እንዳይግል ራዲያተር ውስጥ የሚዞር አረንጓዴ ፈሳሽ ነው። ያን ጊዜ ከተማው ውስጥ ለመድኃኒት እንኳ አይገኝም ነበር። ስለዚህ ጠብታ ሳያባክን አጠራቅሞ መልሶ ሊጨምረው አሰበ።

ያን ቀን እኔና የሺአረግ መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጠን ነበር። የሺአረግ የማኅበሩን ክበብ የምታስተዳድር፣ ሻይና ብርዝ የምታዘጋጅ፣ ሰው የማታሳዝን ሴት ናት። የመጋዘኑ ቁልፍ እሷም ዘንድ ነበር፤ የክበቡ ዕቃ እዚያው ይቀመጣልና። አብዱልሐሚድ ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀ። የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ አላላው፣ ከሥር ሳፋ ደቀነ፣ ከዚያ ጭቃው ላይ በጀርባው ተኝቶ ገባና የማፍሰሻውን ቡሎን በፒንሳ ይታገለው ጀመር። ዝጎ አልከፈት ብሎታል። «ቢስሚላህ» ብሎ አንዴ ሲጠመዝዘው ድንገት ለቀቀና ፊቱ ላይ ተረጨ። መጀመሪያ አረንጓዴ ወጣ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ መጨረሻ ላይ ንፍጥ የመሰለ ዝገት። ፊቴን አዞርኩ።

እሱ ግን ደስ ብሎት ተነሳ። ፈሳሹን በአሮጌ ጨርቅ እያጠለለ ጀሪካን ውስጥ ገለበጠው። ከዚያ የፈራሁትን አደረገ፤ ጣቱን ነክሮ ላሰና አጣጣመ።

«አልሞተም። አሁንም ማር ነው» አለ።

የሺአረግ «እውነት?» አለችው፤ ወዲያው ሻይ የሚጠብቅ ሰው ጠራትና ሄደች። ተፍቶ አፉን በውሃ ሲጉመጠመጥ አላየችም። እኔ ግን ቆይቼ ምን የሚሉት አመል እንደሆነ ጠየቅሁት።

«የድሮ አለቃዬ ያስተማረኝ ነው» አለኝ። «ደህና ኩላንት ይጣፍጣል፣ የሞተ ዝገት ዝገት ይላል። መዋጥ ግን የለም። የዋጠው ሰው ኩላሊቱን ይጨርሰዋል።»

«እና መርዝ ትልሳለህ?»

«እተፋዋለሁ አልኩሽ እኮ።»

እንዲህ ያለ ሰው ነው። ጀሪካኑን መጋዘን አስገብቶ ራዲያተሩን ተሸክሞ በያጅ ፍለጋ ሄደ።

አሁን ወደ ጓድ ማሞ ልምጣ፤ ስሙን ስጠራ ራሱ ምራቄ ይመራል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ነበር። ሲናገር በአፉ ዳር ነጭ አረፋ ይሰበስባል፤ እጁ ጎመን ነቅሎ አያውቅም፣ እንደ ሕፃን እጅ ለስላሳ ነው። ስኳር በቀበሌ በሚታደልበት በዚያ ዘመን ለበዓሉ ብርዝ ተብሎ ለማኅበሩ ስኳር ተሰጠ፤ ለማር የሚሆን አቅም አልነበረንም። ስኳሩ ጓድ ማሞ ቤት ገባ፤ ከዚያ አልወጣም። የሺአረግ ሄዳ ብትጠይቀው «እንደምንም ብለሽ አጣፍጪው፣ እንግዶች ፊት እንዳታዋርጂኝ» አላት። ምን ታድርግ? መጋዘን ውስጥ ማር ነው የተባለ ጀሪካን አለ። ሰው በዓይኗ እያየች የላሰውን ነገር መርዝ ነው ብላ እንዴት ትጠርጥር? የትራክተሩ ሰው ሽሮፕ ደብቆ ነው ብላ አሰበች። ወስዳ ጋኑ ውስጥ ገለበጠችው። መልኩ አረንጓዴ እንዳይሆንባት እርድ ጨመረችበት፣ እየደጋገመችም ቀመሰችው። ባዶውን ጀሪካን ውሃ ሞልታ ቦታው መለሰችው።

በበዓሉ ጠዋት አብዱልሐሚድ የተበየደውን ራዲያተር ገጥሞ ጀሪካኑን አነሳ። ድንኬ ባንዲራ ለብሳ ሰልፉን ልትመራ ነው። ከመጨመሩ በፊት እንደ አመሉ ጣቱን ነክሮ ላሰ። ውሃ ነው። ደግሞ ላሰ። ጥርት ያለ የቧንቧ ውሃ ነው። መጋዘኑን የሚከፍተው ከእሱ ሌላ ማን እንደሆነ ያውቃል፤ «እውነት?» ያለችውም ትዝ አለው። ጀሪካኑን ጥሎ ወደ ክበቡ ሮጠ።

ክበቡ ሞልቶ ነበር። ከቀበሌ በላይ ካለው ከከፍተኛው የመጡ ባለሥልጣናት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ ጓድ ማሞ መሀላቸው ነው። ብርዙ ተቀድቶ እኔ እንኳ ሁለት ጊዜ ተጎንጭቻለሁ፤ አፍ ላይ የሚጣበቅ ነገር ነበረው፣ የበዓል ነው ብዬ ዋጥኩት። ልጆቹ ቀይ ስካርፍ አስረው ይዘምራሉ፣ መኪያ ከፊት ናት። መዝሙራቸው ሲያበቃ ለእነሱም ሊቀዳላቸው ኩባያው ከጋኑ አጠገብ ተደርድሯል።

አብዱልሐሚድ ዘይት በነካው ሸሚዙ ሰተት ብሎ ገባና ወደ ጓድ ማሞ ጆሮ ጎንበስ አለ። የተባባሉትን ያኔ አልሰማሁም፤ በኋላ ነው የነገረኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ብርዙ ውስጥ የትራክተር መርዝ ገብቷል። ሰው እንዳይጠጣው ያስቁሙልኝ።»

«ከፕሮግራሙ በኋላ» አለው ጓድ ማሞ፣ ፈገግታውን ሳያጠፋ።

«ልጆቹ ሊጠጡ ነው።»

«ከፕሮግራሙ በኋላ አልኩህ።»

ከዚያ ጓድ ማሞ ብድግ አለና ብርጭቆውን አነሳ። «ለአብዮታችን ድል!» አለ፤ እኛም ተነስተን አነሳን። ብርጭቆውን አፉ ላይ አስጠጋው፣ ከንፈሩን ሳያስነካ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «አሁን ልጆቹ ይቅረቡ» አለ።

መኪያ ኩባያ ተሰጣት። አብዱልሐሚድ ልጁን በክፉ ቃል እንኳ ተናግሯት የማያውቅ ሰው፣ እጇን በጥፊ ሲላት ኩባያው ግድግዳው ላይ ሄዶ ተከሰከሰ። ልጅቷ ጮኸች። እሱ ወደ ጋኑ ዞረ፣ በሁለት እጁ አቅፎ ገለበጠው። ቢጫው ብርዝ በባለሥልጣናቱ ጫማ ሥር ፈሰሰ። አብዮት ጠባቂዎቹ በቡጢ እያሉ ሲያወጡት «አትጠጡ፣ መርዝ ነው» ይላል፤ እኛ ደግሞ አበደ አልን። ጓድ ማሞ «አሻጥር ነው» አለ፣ አረፋው በአፉ ዳር እየተሰበሰበ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አንጀቴ እስኪገለበጥ አስመለሰኝ። ብዙዎቻችን እንዲሁ ሆንን። የሺአረግ ግን ስትቀምስ ያረፈደች ናትና ወድቃ ሐኪም ቤት ገባች። ሐኪሞቹ የጠጣችውን ነገር ሲያውቁ፣ ልጆች ቢጠጡት ኖሮ ባልተረፉ ነበር አሉ። እሷ ከስንት መከራ በኋላ ተርፋ ወጣች፤ ጤናዋ ግን ተመልሶ እንደ ድሮው አልሆነም።

ከበዓሉ ዕለት ጀምሮ ታስሮ የነበረው አብዱልሐሚድ በሐኪሞቹ ቃል ተፈታ። ነገሩ ያበቃ መስሎን ነበር። ጓድ ማሞ ግን ስብሰባ ጠራ፤ አብዱልሐሚድ ግለ ሂስ ያድርግ ተባለ። መርዝ በግዴለሽነት አስቀምጧል፣ እንግዶች ፊት ሥርዓት አፍርሷል፣ ከትራክተሩ ተነስቶ ወደ አረም ይውረድ። ስኳሩን ያነሳ የለም። ያ ሰው ስለ ሥነ ሥርዓት ሲሰብከን መስማት ከድንኬ ዝገት የባሰ ያስጠላ ነበር።

አብዱልሐሚድ ተነሳ።

«የሺአረግ እያየች ጣቴን መላስ አልነበረብኝም። ይህን አምናለሁ» አለ። ድምፁን አላነሳም። «ግን ጋኑን ስገለብጥ ጠረጴዛውን አይቼዋለሁ። የእንግዶቹ ብርጭቆ ጎድሏል። የሃረግ ጎድሏል። የእርስዎ ግን አፍ አፉ ድረስ ሙሉ ነበር። አምነውኝ ነበር ማለት ነው። አምነውኝ ነው ልጆቹን ይቅረቡ ያሉት።»

ጓድ ማሞ ወረቀቱን አስተካከለ።

«እኔ ብርዝ አይስማማኝም» አለ።

ከዚያ የውሳኔ ሐሳቡን አነበበና የሚደግፍ እጁን ያውጣ አለ። ማንም አላወጣም። ያን ጊዜ እጅ አለማውጣት ምን እንደሚያስከትል የማያውቅ አልነበረም፤ የሆነ ሆኖ አንድ እጅ አልወጣም። ጓድ ማሞ ከወዲያ ወዲህ ካየን በኋላ «በሙሉ ድምፅ አልፏል» ብሎ ስብሰባውን ዘጋ።

በማግስቱ አብዱልሐሚድ ድንኬን ለማስረከብ መጣ። ለሚረከባት ሰው ዝገት ላለመተው ብሎ፣ ሳፋ ደቅኖ በኩላንቱ ፋንታ የተሞላላትን የራዲያተሩን ውሃ አፈሰሰ። አሁን የሚወጣው ጭቃ የመሰለ ውሃ ብቻ ነበር። ከሥሯ ወጥቶ ጣቱን ነከረ፣ ወደ አፉ ሊወስድ ሲል ቆመና ሱሪው ላይ ጠረገው። ከዚያ የአረም መኮትኮቻ ሊቀበለኝ ወደ እኔ መጣና እጁን ዘረጋ። ዝገቱም ግራሶውም እላዩ ላይ ነበር።

አንጓዬን አልሰጠሁትም። እጁን ጨበጥኩት።