ገንፎ እየተበላ የተሰማ ስብከት

ንጋት፣ ቄራ

ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ላይ ነኝ። የሽንኩርት ጆንያ፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች፣ እንቅልፍ ያልለቀቀው ፊት። ደርግ ጸሎት ቤታችንን ካሸገ ወዲህ ስብከት የምንሰማው በየሰው ቤት ተደብቀን ነው። የዛሬው ሰባኪ ወንድም ላሊሶ ከእስር የወጣው በቅርቡ ነው፤ ዳግመኛ ሲሰብክ ከተገኘ እንደማይፈቱት ነግረውታል።

ረፋድ፣ ወደ ላፍቶ

አውቶቡሱ መካኒሳ ላይ አበቃ። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው፤ የጤፍ ማሳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ጫማ የሚነጥቅ ጭቃ።

"እህቴ፣ ወዴት ነው?" አለኝ ባለጋሪው።

"አራስ ልጠይቅ።"

"ዛሬስ አራስ ጠያቂው በዛ! የባላባት ልጅ ነው እንዴ የተወለደው?"

እኩለ ቀን፣ እትዬ አየለች ቤት

አራሷ እውነተኛ ናት፣ ገንፎውም እውነተኛ ነው፤ ውሸቶቹ እኛ ነን። ወንድም ላሊሶ በሹክሹክታ ይሰብካል። በማታ ትምህርት ዘግይቼ ስለተማርኩ ነው መሰለኝ፣ በስብከት ላይ ጥብቅ ነኝ፤ አንድ ሐሳብ ይኑረው፣ ያም ይጠናቀቅ እላለሁ። ገና መግቢያው ላይ ሳለ የቀበሌው ሊቀመንበር በሩን ገፍቶ ገባ። ሰባኪያችን ፈጥኖ ገንፎ ጎረሰ።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ!" አላት ሊቀመንበሩ አራሷን፣ አብዮቱን ለአፍታ ረስቶ። ከዚያ ሁላችንንም በዓይኑ ለቀመን። "ይሄ ሁሉ ሰው ለአንድ አራስ?"

"ጓድ፣ ይቀመጡ እንጂ። ቅቤው ሳይረጋ ይቅመሱ" አሉ እትዬ አየለች።

ቀመሰና ተነሣ። ሰው ተሰብስቦ እያየ ዝም ማለት አይሆንለትም። ስለ ምርት፣ ስለ ንቃት፣ ስለ አድኃሪያን ተናገረ፤ ሐሳቡን ብፈልገው አጣሁት። የእኛ ሰዎች ደግሞ ልማድ አለባቸው፤ ተናጋሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ዝም ካለ፣ ዝምታውን ሳይሞሉለት አይቀሩም። "ድል ለሰፊው ሕዝብ!" ሲል፣ ጥግ የተቀመጡት እማማ ወለቴ እጃቸውን ዘርግተው "አሜን!" አሉ።

ወንድም ላሊሶ የጎረሰውን ሳይውጥ ሌላ ጉርሻ ጨመረበት።

"ምን አሉ እማማ?"

"ይሁን ነው ያልኩት፣ ልጄ። ደግ ተናገርክ።"

የሊቀመንበሩ ፊት ሲለሰልስ አየሁ። "ስብሰባ ላይ እኮ እያንኮራፉ ነው የሚያዳምጡኝ" አለና እንደ አዲስ ጀመረ። አሁን ከየዓረፍተ ነገሩ በኋላ ቆም ይላል፤ እኛም ለወንድም ላሊሶ ስንል አላስጠበቅነውም። ቤቱ በአሜን ደመቀ።

ሲወጣ በር ላይ ዞር አለ። "እንዲህ ያለ አድማጭ አግኝቼ አላውቅም። በየሳምንቱ እመጣለሁ፤ ማንም እንዳይቀር!"

ማምሻ፣ መካኒሳ

ያ ቤት ለእኛ ስብከት ተዘጋ ማለት ነው። ወንድም ላሊሶ ግን ማንም ሳይነካው አብሮኝ እየተራመደ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ፌርማታው ጋ ስንደርስ ቆም አለና፣

"ቆይ እህቴ" አለኝ፣ "እኔ ስሰብክ እንዲህ ሞቅ ብላችሁ ታውቃላችሁ?"

አውቶቡሱ ደርሶ ከመልሱ ገላገለኝ።