የማያፈራ ይቆረጥ

ዛሬ ጠዋት የድሮው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከሮቢት በባጃጅ መጥቶ በሬን አንኳኳ።

"አንቺ ልጅ፣ ፓፓያዎቼ ያብባሉ እንጂ አንዱም አላፈራ። ምን ላድርጋቸው?"

(የልጅ ልጅ አይቻለሁ፤ ለሱ ግን ዛሬም ልጅ ነኝ።)

በደርግ ጊዜ እኛ የቆቦ ሴት ተማሪዎች የአትክልት ክበብ ነበረን፤ ፓፓያውን ለሰፈሩ አራስና በሽተኛ እናድል ነበር።

ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን መጥረቢያ አስይዞ መጣና "የማያፈራ ይቆረጥ!" ብሎ ወንዴዎቹን ዛፎች በሙሉ አስጨፈጨፈ።

"ጓድ፣ ሴቴዋ ያለ ወንዴ አታፈራም" ብንለው "አድኃሪዎች!" አለን። በዓመቱ ፍሬም ክበብም አልነበረንም።

ዛሬ ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ እሱ ጋ ያሉት ዛፎች ሁሉ ሴቴ ናቸው። ወንዴው እኔ ጓሮ ቆሟል።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ የማያፈራ ይቆረጥ" አልኩት። "መጥረቢያ ላውስዎ?"

እናንተስ፣ የገዛ ቃሉን ያጎረሳችሁት ሊቀመንበር አላችሁ?