ቶሎ የጠራው ጥግ

ሽማግሌው የሴት ቦርሳ ጭናቸው ላይ አቅፈው ተቀምጠዋል። የሚስታቸው ነው፤ እሷ ኮሪደሩ ላይ ትጠብቃለች። ከሸሚዛቸው የተተኮሰው ኮሌታው ብቻ ነው፤ የቀረውን ኮታቸው ሸፍኖታል። ድሮ ማን ይተኩስላቸው እንደነበር የላቦራቶሪ ባለሙያዋ አላጣችውም።

ሐኪሙ እስኪመጣ ከሚስትየው የተወሰደውን ናሙና ምስል በሐኪሙ ኮምፒውተር ላይ ከፈተችላቸው። ምስሉ ግዙፍ ስለሆነ በኢንተርኔት ባንዴ አይመጣም፤ መጀመሪያ ደብዘዝ ይላል፣ ከዚያ የሚታየው ቦታ ብቻ ቀስ እያለ ይጠራል።

«ተበላሽቶ ነው እንዴ?» አሉ፣ ቦርሳውን ጠበቅ አድርገው።

«አይ አባባ፣ አይስጉ። ቀስ የሚለው እዚህ ኮምፒውተር ላይ ገና ያልታየው ቦታ ነው። አንዴ የታየማ ወዲያው ነው ጥርት የሚለው።»

ሐኪሙ ገባ። «እኔም ገና አላየሁትም፤ እስቲ አብረን እንየው» አለና ምስሉን እሷ ወዳልነካችው ጥግ ሳበው።

ጥጉ ወዲያው ጥርት አለ።

ባለሙያዋ ክው አለች። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው አለች በሆዷ። ሽማግሌው ግን ምስሉን አላዩም፤ የሚያዩት እሷን ነው። ቀስ ብለው ተነሡና፣ ግድግዳውን እየተደገፉ ሄደው በሩን ገርበብ አድርገው ከፈቱት።

«ምን አሉህ?» አለች ሚስታቸው ከውጭ።

«ምንም። ገና አላዩትም» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው ቁርጥ የሐኪሙን መሰለ።