የሂልካ ዘር፣ የታይስቶ አመድ

ሂልካ ኮርሆነን ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ መጀመሪያ የምታየው የራሷን መሬት ሳይሆን ከድንበሩ ቦይ ማዶ ያለውን የታይስቶን ነበር።

ከስምንት ዓመት በፊት ደኗን ስታስቆርጥ ሃምሳ ትልልቅ ጥዶች ለዘር አስቀርታለች። የደን ባለሙያው መሬቱ በማሽን ይገለበጥ ቢላት ግን እምቢ አለች። እናቷ ቀይ የዱር ፍሬ ትለቅምበት የነበረ ቦታ ነው፤ ማሽን አይረግጠውም። በዓመቱ የጎረቤቷን የታይስቶን ደን መብረቅ አነደደው። እሳቱ ቦዩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሂልካ ያኔ የአጃ ዳቦ ይዛለት ሄዳ አልቅሳለች፤ ለቅሶዋም የእውነት ነበር።

አሁን በታይስቶ አመድ ላይ ወገብ የሚደርስ ጥድ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። የእሷ መሬት እንደ ፍራሽ የወፈረ፣ እርጥበት የሚያበቅለው አረንጓዴ ሽፋን ለብሶ አንድ ችግኝ ሳይወጣበት ቀርቷል። የታይስቶ የቀድሞ ዛፎች ጥድ አልነበሩም። ማዶ የበቀለው ሁሉ የእሷ ዘር ነው፤ በመጋቢት በጠጠረው በረዶ ላይ ነፋስ እያንሸራተተ የወሰደው።

ታይስቶም ዝም አይልም። «ሂልካ! ልጆችሽ እኔ ዘንድ አድገዋል፤ መጥተሽ አትጠይቂያቸውም?»

«አንተ ምን ደከምክ? ተኝተህ ነው ያደጉልህ!»

«አመዱን ያዋጣሁት እኔ ነኝ እኮ።»

በሰኔ ባለሙያው መጣ። «ሕጉ የተቆረጠ ደን እንዲተካ ያዛል፤ እስከ መጪው ሰኔ ችግኝ ካልታየ ማሽኑ ይገባል» አላት።

ታይስቶ ዓይኑን ሊታከም ከተማ በሄደበት ሳምንት ሂልካ ቦዩን ተሻገረች። ሁሉንም ነቅላ ልትጥል ነበር ያሰበችው። መጀመሪያ ትንሹን መርጣ ነቀለች። ሥሩ ቀጥ ብሎ የወረደ ነው፤ የያዘው አፈር አሸዋና ጥቁር አመድ ብቻ። ቆም ብላ አየችው፤ አረንጓዴ ሽፋን የሚባል የለም፣ እሳቱ በልቶታል። ወደ መሬቷ ተመልሳ አረንጓዴውን ፍራሽ በጣቷ ፈለቀቀችው። ውስጡ ክር የመሰሉ፣ በቅለው የደረቁ ቡቃያዎች ነበሩ። አፈር ሳይነኩ ሞተዋል።

መስከረምን ሙሉ በፍሬው ቁጥቋጦዎች መካከል በዶማ ሳህን ሳህን የሚያክል ቦታ እየገፈፈች አፈሩን አወጣች።

«ወርቅ ጠፋብሽ እንዴ?» አለ ታይስቶ ከማዶ።

«መንገድህን ሂድ!»

«አንድ ችግኝ ጎድሎብኛል።»

«ትቆጥራቸዋለህ ማለት ነው?»

«እኔ እንኳ አልቆጥርም። አንቺ በየጠዋቱ እያየሽ ትቆጥሪልኛለሽ ብዬ ነው።»

በተከታዩ ሰኔ ባለሙያው መነጽሩን አድርጎ ተንበረከከ። በተገፈፉት ቦታዎች ላይ ጥፍር የሚያክሉ፣ ኮከብ የመሰሉ አረንጓዴ ቅጠሎች ወጥተዋል።

«ማሽኑ ይቅር፤ ዘሩ ይዟል» አለ።

ሂልካ ቀና ብላ ማዶውን አየች። «የታይስቶን ጥድ እስኪደርሱበት ስንት ዓመት ይፈጅባቸዋል?»

«አይደርሱበትም። የሱም ያድጋል እኮ።»

ሂልካ ዶማዋን አንስታ ወዳልተገፈፈው ቦታ ሄደች።