ምንም ያልሆነችው መኪና

ካዛንቺስ የተሳፈርኩበት አዲስ ታክሲ ቀበቶ ይታሰር እያለ ይጮሃል። ሾፌሩ ቀበቶውን በወንበሩ ጀርባ አዙሮ ሰካውና ጩኸቱ ቆመ። «ትራፊክ ካየሁ አስረዋለሁ» አለኝ።

ዝምታው የአጎቴን የጋሼ በላይን ሰማያዊ መኪና አስታወሰኝ። ያቺ ቀበቶም፣ የሚጮህ ነገርም አልነበራትም። ውስጧ ቤንዚንና ፀሐይ ያጋለው የወንበር ፕላስቲክ ይሸታል። ጋሼ ኮፈኑን በቡጢ እየመታ «ይሄ ብረት ነው፤ የአሁኖቹ ቆርቆሮ ናቸው» ይለን ነበር።

አንድ ቀን መስቀል ፍላወር አካባቢ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተጋጨ። ልጅ ስለነበርኩ ለእኔ «ጋሼ ሆስፒታል ነው» ብቻ አሉኝ። መኪናዋን ጎትተው አምጥተው በራችን ላይ ሲያቆሟት ዙሪያዋን ዞሬ አየኋት። አንድ የፊት መብራቷ ተሰብሯል፣ በቃ። ደስ ብሎኝ «አባዬ፣ መኪናዋ እኮ ምንም አልሆነችም» አልኩ።

አባቴ በመስኮቱ እጁን አስገብቶ ወደ ውስጥ የታጠፈውን መሪ ዳሰሰ።

«አዎ ልጄ፣ ምንም አልሆነችም። ምቱን እሱ ነው የወሰደላት።»

ምን እንደወሰደላት የገባኝ በማግስቱ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ሲተከል ነው። የዛሬ መኪና የሚጨማደደው ሰው እንዳይጨማደድ ተብሎ መሆኑን ያወቅሁት ደግሞ ካደግሁ በኋላ ነው።

ታክሲው ቁልቁለቱን ይዞ ፈጠነ።

«ወንድሜ፣ እባክህ እሰረው» አልኩት።

ሾፌሩ ሳቀ። መሪውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «አታስቢ እህቴ፣ ይቺ ምንም አትሆንም» አለኝ።