የጳጉሜን ሦስት ዝናብ

ዛሬ ከምሳ በኋላ ኮምፒውተሩ አንድ ዓምድ አልቀበልም ብሎኝ ዋለ። መሐል ሜዳ ባለው መሥሪያ ቤታችን የድሮ የዝናብ መዝገቦችን ከኤክሴል ወደ ስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የማዛውረው እኔ ነኝ፤ ዓይኔ ደክሟል፣ ወገቤ ደክሟል፣ ሥራው ሰልችቶኛል፣ እኔም ሳልሰለቸው አልቀረሁም። ቁጥር ብቻ መያዝ ያለበት ዓምድ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ቃል ስለገባ፣ ሶፍትዌሩ ዓምዱን በሙሉ ጽሑፍ ነው ብሎ አልደምርም አለ። ፈልጌ ፈልጌ አገኘሁት። ጳጉሜን ሦስት፣ ራቤል ጣቢያ፦ «ዘንቧል፤ ለልጄ ሆነ።» መዝጋቢው አባቴ ናቸው።

አባባ ጓሯችን ውስጥ የተተከለውን የዝናብ መለኪያ ይጠብቁ ነበር። መለኪያ ሲባል ዝናብ የሚጠራቀምበት ጣሳ ነው። በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ እርጥቡ ሣር ላይ ቁጢጥ ብለው፣ ውሃውን መስመር ወዳለው ብርጭቆ ገልብጠው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያነቡ በቤቱ ውስጥ የሚተነፍስ አልነበረም። ጎረቤቶች «ጋሼ፣ ዘንድሮ ምነው ጨከኑብን፣ ትንሽ ጨመር አያደርጉም?» እያሉ ሲቀልዱባቸው፣ እሳቸው ኮስተር ብለው «እኔ የወረደውን ነው የምጽፍ» ይላሉ። አንድ ቀን ጣሳው ውስጥ ጠጠር ጥዬ ጆሮዬን ሲቆነጥጡኝ ሳምንት ሙሉ ሲያቃጥለኝ ሰነበተ።

ጳጉሜን ሦስት ሩፋኤል ነው፤ የዚያን ዕለት ዝናብ ጠበል ነውና እኛ ልጆች ልብሳችንን ጥለን እንቦርቅበት ነበር። በዚያ ዓመት ግን የሦስት ዓመቷ እህቴ ብርቄ በኩፍኝ ተይዛ ውሃ እንኳ አልወርድላት ብሎ ተኝታለች። እናቴ ዝናቡን እንዲያጠራቅምላት ገበቴ ደጅ አስቀመጠች። ንጋት ላይ ዘነበ፣ አባራ፤ ስትወጣ ለካ ጥጃው ገልብጦታል። ሰማዩም ጠርቷል። ውሃ ያለው የአባባ ጣሳ ውስጥ ብቻ ነው። እናቴ ግራ ቀኝ አላለችም፤ ጣሳውን አንሥታ እየሮጠች ገባችና ብርቄ ራስ ላይ አፈሰሰችው። እኔ «ኧረ አባባ ይገድሉሻል!» ብዬ ጮህኩ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን አባባ ጣሳውን ዘቀዘቁት፤ ጠብታ የለም። ወደ ቤት ገብተው የብርቄን እርጥብ ፀጉር አዩ፣ እናቴን አዩ። ዛሬስ አለቀልን ብዬ ጥግ ይዤ ነበር፤ እሳቸው ግን መደቡ ላይ ተቀምጠው መዝገቡን ገለጡና ጻፉ፤ የጻፉትንም ለእናቴ አነበቡላት። ብርቄ መስቀልን አላየችም። ፎቶ አልተነሣችም፣ ስሟ የሰፈረበት ወረቀት የለም። ኖራ እንደነበር የሚናገር ጽሑፍ በዓለም ላይ ያ አንድ መስመር ብቻ ነው።

አጠገቤ የሚሠራው መኮንን የሚባል ወጣት ስክሪኔን አየና «እትዬ አስካለ፣ ምን ያደክምዎታል፣ ዜሮ ያድርጉት» አለኝ። «ዜሮማ አይደለም፣ ዘንቧል እኮ!» ብዬ ጮህኩበት። ምን በወጣው፣ ምስኪን። ዓምዱን ጽሑፍ ባደርገው የአባባ ቃል ይተርፋል፣ የዚያ ሁሉ ዓመት ዝናብ አማካይ ግን አይወጣም። ማስታወሻ የሚል ዓምድ ከጎኑ ጨምሬ ብልክ፣ ፋይሉን የሚረከቡት ሰዎች ከቅጹ ውጭ ነው ብለው መለሱት፤ ቁጥር ብቻ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ደከመኝ። ሶፍትዌሩን ወደ ቁጥር ቀይር አልኩት፣ ቀየረ። ጳጉሜን ሦስት ላይ አንዲት ነጥብ አስቀመጠ፤ መረጃ የለም ማለቱ ነው። ላክሁት።

ወደ ቤት ስሄድ እናቴ ከራቤል ደወለች። ማንበብ አትችልም፤ መዝገቡ ኮምፒውተር ውስጥ እንደሚገባ ከነገርኳት ወዲህ ግን በየሁለት ቀኑ ትጠይቀኛለች።

«የአባትሽ ልፋት ገባልሽ?»

«ገባ እማዬ፣ ሁሉም ገባ።»

ቀስ ብላ፣ «የብርቄስ?» አለችኝ።

መንገድ ዳር ቆምኩ። «የሷም ገብቷል» አልኳት።

«ተመስገን» አለች፤ «እንግዲህ አትጠፋም።»